የነቬ ሐይም ልጆችና የክረምቱ ኩሬ

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ መስኮቱን ብከፍተው የባሕር ዛፍ ሽታ ሰተት ብሎ ገባ። እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ክረምቱ እንዲህ ነው፤ አቧራው ከቅጠሉ ላይ ሲታጠብ ከተማው በሙሉ ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ቤት ይመስላል። ልጄ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ስልኩ ጢን አለ። ምንድን ነው ብላት፣ ከቤት ሴፈር ነው አለችኝ፤ ትምህርት ቤቱን ማለቷ ነው። የልጅ ልጄ የዮኒ ክፍል ነገ ወደ ክረምቱ ኩሬ ለጉብኝት ይሄዳል፣ ለዚያ የወላጅ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ይህን እያለችኝ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ፈቀደች፣ ቀጥላም የጎረቤታችንን ሠርግ ፎቶ ማየት ጀመረች። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "በቃ? ፈቀድሽ?" አልኳት። "እና ምን ላድርግ እማዬ፣ ሽማግሌ ልላክ?" አለችኝ። ለቀልድ ነው የተናገረችው። አታውቅም እንጂ ለዚያው ኩሬ አንድ ጊዜ ሽማግሌም ተልኳል።

እንዳትሳሳቱ፣ እኔ ድሮ ቀረ እያሉ ከሚያለቃቅሱት ወገን አይደለሁም። የዛሬውን የልጆች ትምህርት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም አልደብቅም። የዮኒ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚኮተኩቱት የአትክልት መደብ አለ፣ ልጣጭና ትርፍራፊ እየበሰበሰ አፈር የሚሆንበት ሳጥን አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ተፈጥሮ የሚያስተምር ሰው ይልካል፣ አውቶቡስ ይልካል፣ መረብና ማጉያ መነጽር ያውሳል። ውኃ የማያበላሸው የሥዕል ካርድም አላቸው፤ ከኩሬው ያወጡትን ትል ከሥዕሉ ጋር እያስተያዩ ስሙን ይፈልጉለታል። ያልገባውን መምህር ደግሞ ኮምፒውተሩ ያስረዳዋል። ባለፈው ሳምንት የብርቱካን ልጣጭ ከላስቲኩ ጋር ደባልቄ ስጥል ዮኒ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ። "ሳቭታ፣ ይሄ ወደ ቡናማው የቆሻሻ ሣጥን ነው" አለኝ ጣቱን ቀስሮ፤ ሳቭታ አያት ማለት ነው። እኔ ባደግሁበት አገር የሚጣል ነገር መች ነበረና። ልጣጩን ከብት ይበላዋል፣ እበቱ ማሳ ይገባል፣ ቅሉም ቢሰበር ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሆናል። ይህንኑ በስተርጅና በዕብራይስጥ ተማርኩት። ስቄ ልጣጬን ከላስቲኩ ለየሁ፤ ልጁ ልክ ነዋ።

ለኩሬው ሽማግሌ በተላከበት ጊዜ ግን ካራቫኑን ለቀን፣ ነቬ ሐይም የሚባለው የሐደራ ሰፈር ገና መግባታችን ነበር። ካራቫን መጀመሪያ ያሳረፉን የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ከበሮ ውስጥ የተኛን ይመስለን ነበር። ከዚያ የወጣ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ሲያገኝ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን እንደነበረም ተምታቶብኛል። ዓርብ ዓርብ ገበያው ሊበተን ሲል ቲማቲም በግማሽ ዋጋ እንደሚወርድ ግን አልረሳሁም። አሥር ሰቅል ይዤ ወጥቼ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ጥቅል ጎመኑን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩ ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይ ይለኝ ነበር። ልብሳችን ደግሞ ሰው ከሰጠን ካርቶን የወጣ ሁሉ ነው። ሽማግሌዎቹ በክረምት የባሕር ዳርቻ ባርኔጣ ይደፋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ከነጠላችን በላይ የበረዶ አገር ጃኬት እንደርባለን። እኔ ቡናማ የከፋይ ቀሚስ ነበረችኝ፤ ከካርቶኑ ስመዛት እኅቴ ቀድማ እጅጌዋን ይዛ ነበር፣ ጎትቼ አስለቀቅኋት። ያችን ቀሚስ ለብሼ ስወጣ የሚቀድመኝ የለም።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ አንድ ኪዮስክ ነበረ። ባለቤቱ ከሞሮኮ የመጣ ሰው ነው፤ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፣ የማሲንቆ ካሴት ይሸጥልን ነበር። አንዲት ቃል ሳይገባው ከእኛ ይበልጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል። ከሥራ የሚመለሱት ወንዶቻችን ትከሻቸው ሳያስቡት መነቅነቅ ይጀምራል፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት የቡልጋሪያ አሮጊቶችም ያጨበጭቡላቸዋል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። የብርቱካን ማሳዎቹም ብዙዎቹ ፎቅ ሆነዋል። በዚያ ዘመን አበባው ሲፈነዳ መንገዱ ሁሉ ማር ማር ይል ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የወረቀት ፋብሪካው ሽታ ይመጣና አፍንጫችንን እንይዛለን። ሁለቱንም እኩል ነው የማስታውሳቸው።

እኔ ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ስለነበርኩ ዕብራይስጡ ቶሎ ገባኝ፤ እንደገባኝም ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ። ሥራዬ በወላጆቻችንና በመምህራኑ መካከል መቆም ነው። መምህሩ ያለውን ለወላጅ፣ ወላጅ ያለውን ለመምህሩ አደርሳለሁ፤ ሁለቱም ሲቆጡ የሚቆጡት እኔን ነው። እዚያ ሩቲ የምትባል የተፈጥሮ ትምህርት አስተማሪ ነበረች። ሩቲ እዚሁ ሐደራ የተወለደች፣ ፀጉሯ ማበጠሪያ የማያውቅ፣ በብርድ ሳንዳል የምታደርግ ሴት ናት። ዛሬ ማዘጋጃ ቤት የሚያውሰውን ሁሉ ያኔ ከቤቷ ነበር የምታመጣው። የመረብ ዘንጉ የመጥረጊያ እንጨት ነው፣ መረቡ የራሷ አሮጌ የናይለን ካልሲ ነው፣ የእንቁራሪት ማስቀመጫው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ብልቃጥ ነው። ሽታው አይለቅምና እንቁራሪቶቹ ሁሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሉ ነበር። የጎማ ቦት ጫማ ብቻ አልነበራትም። በዚያ ክረምት ለምና ለምና ማዘጋጃ ቤቱ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ቦት ጫማ አዋሳት፤ ልጆቹን በየሳምንቱ ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ መሐል ወዳለው የክረምት ኩሬ ልትወስድ ነው። ኩሬው በዝናብ ጊዜ ይሞላል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በእነዚያ ጥቂት ወራት ግን እንቁራሪቱ፣ ዳክዬው፣ ረጅም እግር ያለው ወፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ችግሩ ከኢትዮጵያ የመጣነው የእኛ ልጆች ጉዳይ ነበር። የተፈጥሮ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት እነሱን ከክፍል እያወጡ ዕብራይስጥ ያጠናክሩላቸዋል፣ ያውም ምድር ቤት ባለው የቦምብ መጠለያ ውስጥ። ክፍል ስላልነበረ ነው ይላሉ። መስኮት የለውም፣ በሩ ብረት ነው፣ አምፖሉ ይንጫረራል። ሩቲ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ እነዚህ ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ኩሬው ድረስ ካልሄዱ እኔም አልሄድም አለች። ርእሰ መምህሩ ከወታደርነት የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ወላጆቻቸው እሺ ካሉ ይሂዱ፣ እምቢ ካሉ መጠለያው ውስጥ ዕብራይስጣቸውን ይማሩ አለ። ይህን ወሬ መጀመሪያ የሰማችው የሺ ናት። የሺ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፣ መምህራኑ አትችልም እያሉ ያዝኑላታል። ያን ዕለት ግን ከመጠለያው ወጥታ እኔ ዘንድ መጣችና ቀሚሴን ይዛ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለአባቴ አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ እዚያ በር ውስጥ መቀመጥ አልፈልግም" አለችኝ። ከእሷ አፍ ያን ያህል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እነግርልሻለሁ አልኳት፣ በሙሉ ልቤ።

የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አመሻሹ ላይ ሁሉም መጡ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ በትንንሾቹ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀመጡ። የየሺ አባት አባ መርሻ መሐል ላይ ናቸው። በሰፈሩ ትልቅ የተባሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እሺ ያሉትን ሌላው እሺ ይላል። ሩቲ ዋፍል የሚባለውን ብስኩት በሳህን ደርድራ ቆመች። የእኛን ሰዎች ልብ ለመንካት ብላ ለራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲነገራት ያደገችውን የሐደራን ታሪክ አመጣች። የከተማው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እዚህ ሲሰፍሩ ምድሩ ሁሉ ረግረግ ነበረ፤ በወባ ረገፉ፣ ልጆቻቸውን ቀበሩ፣ ግን አልሄዱም፤ ውኃውን እንዲመጥላቸው ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ ይህ ኩሬ የዚያ የድሮው ረግረግ ትራፊ ነው፣ ልጆቻችሁም የእነዚያ ጀግኖች ታሪክ ተካፋይ ይሆናሉ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም በአማርኛ አሳምሬ ተረጎምኩት። እውነቱን ለመናገር ከእሷም አሳመርኩት።

አባ መርሻ ከዚያች ወንበር ቀስ ብለው ተነሡ። "ልጄ፣ በደንብ ሰምቼ እንደሆነ ንገሪኝ" አሉኝ። "ሰው ያለቀበት ውኃ ነው?" አዎ አባ፣ ድሮ ነው አልኳቸው። "ልጆች የሞቱበት?" አዎ፣ ድሮ። "ልጆቻችንንም እዚያ ውስጥ ሊያስገቡ ነው ያስጠሩን?" አሉ። ባርኔጣቸውን አነሡ። እሳቸው ሲወጡ ወንዶቹ ተከተሉ፣ ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ። አንዲቷ ብቻ ዋፍሉ ያሳዝናል ብላ ሁለቱን አነሣች። ሩቲ ባዶው ክፍል መሐል ቆማ፣ ምን አልሻቸው አለችኝ። ያልሽውን ነዋ አልኳት። ወይ ጉድ፣ ለካ ያ ታሪክ ለሰማው ሁሉ አንድ አይደለም። እዚህ ያደገ ሰው ያን ሲሰማ ጀግንነት ይሰማል፤ ከደጋ ወርዶ በቆላ ያለፈ የእኛ ሰው ግን የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ውኃ አጠገብ ንዳድ አለ።

ሩቲ ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም። በማግሥቱ መጥታ፣ በእናንተ አገር እምቢ ያለን ሰው እንዴት ነው የምትለምኑት አለችኝ። ሽማግሌ ይላካል አልኳት። ሽማግሌ ቁሞ ይለምናል፣ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ይህን ሰማችና ሦስት ሰው አዘጋጀች፤ ርእሰ መምህሩን፣ የክሊኒኩን ዶክተር፣ ከጸሎት ቤታችን ደግሞ አንድ አዛውንት። ርእሰ መምህሩ ለዚህ ጉዳይ ከረባት አሠረ። ወደ አባ መርሻ ቤት ደረጃውን ስንወጣ የጎረቤት በሮች ገርበብ ገርበብ እያሉ ዓይን ይወጣ ጀመር። ባለቤታቸው ከፈተችልንና ቆመው የቀሩትን ሽማግሌዎች፣ ከረባቱን፣ ፀጉሩን የተቀባ ዶክተሩን አይታ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አባ መርሻም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኧረ ተቀመጡ ቢሏቸው ማንም አልተቀመጠ። ርእሰ መምህሩም እንዳስጠናነው፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ ቆመን ነው የምንለምን አለ። ይሄኔ አባ መርሻ ፊታቸው ጠቆረ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል" አሉ። "ልጅቷ ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘመዶቻችሁንም አላውቅም።"

ለምን እዋሻለሁ፣ ሳቄን ማፈን አቃተኝ። አዛውንቱ ቀድመው ገባቸውና፣ ለጋብቻ አይደለም መርሻ፣ ለእንቁራሪት ነው የመጣነው አሉ። ባለቤታቸው ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፣ ደረጃው ላይ ያሉት ጎረቤቶች ሳቁ፣ ለርእሰ መምህሩ ስተረጉምለት አንገቱ ሥር ድረስ ቀላ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀለል አለና ተቀመጡ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ በብርጭቆ ቀረበ። ዶክተሩ በደንብ አስረዳ። ወባ ከዚህ አገር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ረግረጉ ደርቋል፣ ቢምቢው ቢኖርም የሚያመላልሰው በሽታ የለም አለ። አባ መርሻ እያንዳንዱን ቃል አዳመጡ፣ ጥያቄም ጠየቁ። ሲጨርስ መለሱ። ንግግራቸውን የተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ አንዱም አልጠፋኝም።

"ዶክተር፣ ውሸት ነው አልልም" አሉ። "እኔ ወንድ ልጅ ነበረኝ። ወደዚህ አገር ለመሻገር በእግር ወደ ሱዳን ይኬድ በነበረ ጊዜ ከመንደራችን ወጥተን ወደ መተማ ወረድን። ደክሞን አንድ ኩሬ አጠገብ አደርን። ውኃው የጠራ ነበር፤ እኔ ነኝ እዚህ እንረፍ ያልኩ። ልጄ በሳምንቱ ንዳድ ያዘው። እዚያው ቀበርኩትና ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከዚያ ይህችን ወለድኳት። ትምህርት ታግኝ ብዬ ነው ያመጣኋት። ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው፤ ይቅር በሉኝ። ይህን አንድ ነገር ግን ተዉልኝ።" ተርጉሜ ጨረስኩ። ያ ረጅም ርእሰ መምህር ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ አባ መርሻን ጨበጣቸው። ደረጃውን ስንወርድ ለሩቲ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካቸው አላት።

እናም ሩቲ ወላጅ እምቢ ካለ ምን ላድርግ ብላ አልሄድም ያለችውን ተወችና የሌሎቹ ልጆች ጉብኝት ያለ እኛ ልጆች ተጀመረ። የየሺ አባት እምቢ ስላሉ የሰፈራችን ወላጅ ሁሉ እምቢ ብሏል። አውቶቡሱ ከግቢው ሲወጣ የመጠለያው በር ይዘጋል። ዛሬ ወላጁ አንድ አዝራር ነክቶ ልጁ ሲሄድ ሳይ አንዳንድ ጊዜ ሆዴ ይባባል፤ ምን ያህል ነገር ከዚያ አዝራር በፊት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ቀላል ስለሆነ ግን አልከፋም፤ ቀላል እንዲሆን አይደል የደከምነው። ሌሎቹ ልጆች ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ለብሰው፣ ብልቃጥ ይዘው፣ እየጮኹ ይመለሳሉ። የኛዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ያዩአቸዋል። የሺ ከብልቃጦቹ አንዱን ቀርባ ስታይ አንድ ልጅ በደግነት ያዥው አላት። አልያዘችውም። እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ብቻ አየችው። ስለ የሺ ለምትጠይቁኝ፣ ዛሬ ኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ የአንድ ትልቅ መጋዘን ሥራ አስኪያጅ ናት፣ ወንዶቹ ሹፌሮች ሲያዩዋት ሲጋራቸውን ይደብቃሉ። የእንቁራሪት ሊቅ አልሆነችም። ነገር ግን ያን ጊዜ ያቺን ልጅ ከዚያ የብረት በር ውስጥ ማውጣት ለእኔ የዓለም ሁሉ ጉዳይ ነበር፤ እነግርልሻለሁ ብያታለሁና።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጉብኝት በሚደረግበት ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ አባ መርሻ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሰንበት ልብሳቸውን ነው የለበሱት፤ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከካርቶኑ የደረሳቸው ግራጫ ኮት። ሰው ሞተ እንዴ ብዬ ደነገጥሁ። ጎንበስ ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው። "ያለፈው ጉብኝት ዕለት ማታ ልጄን ዛሬ ምን ተማርሽ አልኳት" አሉኝ። "ሌሎቹ ሲሄዱ በር ተዘግቶብን ተቀመጥን አለችኝ። ምንም አልተማርንም አለችኝ።" ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ጥሩወርቅ፣ ያን ውኃ አሳዪኝ።" ሩጬ ሩቲን ጠራኋት፣ ሩቲ ሩጣ ከመጠለያው ልጆቹን አስወጣች፤ ወላጆቻቸው ግን ገና አልፈቀዱምና ቦት ጫማ ያደርጋሉ እንጂ ከኩሬው ዳር ቆመው ብቻ ያያሉ ተባለ። አውቶቡሱ ውስጥ አባ መርሻ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። የሺ አጠገባቸው ናት።

ኩሬው በዚያ ክረምት ሞልቶ ነበር። ባሕር ዛፎቹ እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው፣ ውኃው ላይ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ተበትኗል፣ ዳክዬዎቹ አውቶቡሱን ሰምተው ተነሡ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሐደራ ውስጥ ያለ አይመስልም ነበር። አባ መርሻ ዳሩ ላይ ቆመው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። ካልሲያቸውን አውልቀው ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ ከመሬት ረዘም ያለ የወደቀ ቅርንጫፍ አንሥተው ቅጠሉን ላጡት። ሩቲ ጠጋ አለችኝና ሰውዬው ምን እያደረጉ ነው፣ እኔ እኮ ጥልቀቱን አውቀዋለሁ፣ ንገሪያቸው አለችኝ። "ተያቸው" አልኳት። በእኛ አገር ክረምት ወንዝ ሲሞላ ልጅ ከመሻገሩ በፊት አባት ይገባል። በዱላው መሬቱን እየነካ፣ ጉድጓዱን እየለየ ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ ልጁን ያሻግራል። አባት ያልገባበት ውኃ ውስጥ ልጅ አይገባም። ውኃ ውስጥ በመግባት ወባ እንደማይታወቅ እሳቸውም አያጡትም። ግን ሌላ የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም።

በሰንበት ሱሪያቸው ገቡ። ብርዱን እኔ ከዳር ሆኜ ሰማሁት። ቅርንጫፉን እየተከሉ፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ሌላ እርምጃ። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው፣ ከዚያ ባታቸው ጋ ደረሰ። ልጆቹ፣ የእኛም የእነሱም፣ ዝም አሉ፤ ክፍል ውስጥ ሩቲ እየጮኸች የምታጣውን ጸጥታ አገኘችው። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበርና ፊታቸውን አላየሁም። ብዙ ቆሙ። ትከሻቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ የዚያን ልጅ ስም ጠርተውት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ጠይቄአቸውም አላውቅም። ሩቲ ክንዴን ይዛ ነበር። ከዚያ ዞሩና በገቡበት መንገድ ተመለሱ። ዳሩ ላይ ደርሰው እጃቸውን ለየሺ ዘረጉ።

"ነይ" አሏት። "እኔ በረገጥሁበት ርገጪ።"

የሺ ቦት ጫማዋ ሰፍቷት ነበር፤ እየጎተተች ገባች። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን ከእግራቸው ኋላ እያስቀመጠች። ከእሷ ኋላ የእኛ ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ ተሰለፉ። ከእነሱ ኋላ የሩቲ ልጆች፣ ራሳቸው እዚያ ኩሬ ውስጥ ስንት ጊዜ የተንቦጫረቁት፣ መንገዱን የማያውቁ ይመስል አንድ በአንድ በአባ መርሻ ዱካ ገቡ። እኔም ያችን ቡናማ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፤ ማን ይከለክለኛል። ወደ መሐል ስንጠጋ የሺ ጎንበስ ብላ ውኃው ውስጥ የሆነ ነገር አየች። አንድ እጇን ለቀቀች። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛውንም ለቀቀችና እኛ ወዳልረገጥነው ጎን፣ ሳር ወደበቀለበት፣ ብቻዋን ሄደች። አባ መርሻ ዘወር አሉ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ቆሜ እባክዎ ዝም ይበሉ እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። የሺ ርቃ ሄዳ እጇን ውኃው ውስጥ ነከረች፣ ቀና ብላም ምን እንዳገኘች በዕብራይስጥ ጮኻ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረች። አባቷ ቃሉ አልገባቸውም። የተዘረጋውን እጃቸውን አጠፉትና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።